የሁዳዴው ክኒን

ያን ዕለት ጧት ተልባ እቆላ ነበር። ሁዳዴ ነው፣ ለወጥ ይሆናል። ደግሞም ባለቤቴ፣ አያትሽ፣ የሚውጠው ክኒን ሆዱን ስለሚያደርቀው ማታ ማታ ተልባ በጥብጬ ካላጠጣሁት አይሆንለትም። ተልባ ሲሞቅ እየዘለለ ካመዱ ይገባል፣ ዓይንሽን ካነሳሽ አለቀ። እሱ ደጅ፣ ከግድግዳው ጥግ ፀሐይ ይሞቃል። ውሃ ስጪኝ ሲል ሰማሁት። ሌላ ሰው የመጣ መሰለኝ። በጾም፣ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ውሃ ባፉ የሚዞር ሰው አይደለም።

ወጥቼ ባየው ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ ቃሉ አይሰማም። በሬዎቹን ማን ፈታቸው ይለኛል። በሬዎቹ ፊት ለፊቱ ታስረው ያመነዥካሉ። ዓይኑ ጭጋግ እንደ ለበሰ ነው፣ እኔን ራሴን አጥርቶ አላየኝም። ሁለት እጁን ከሆዱ ላይ አያነሳም። ገለጥ አድርጌ ብነካው ከእምብርቱ በታች እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

«ሽንትህን መቼ ሸናህ?» አልሁት።

«ትናንት» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ትናንት ቀን።»

የደብረ ታቦሯ ሐኪም ክኒኑን ስትሰጠን አጥብቃ ያስጠነቀቀችን ይኸንኑ ነበር። ሽንት እንቢ ካለ እንዳትቆዩ፣ ሩጡ ብላናለች። ተልባውን እሳት ላይ ትቼ ጮኽሁ።

ወደ ክኒኑ እንዴት እንደ ደረስን ይኸንም ጻፊው፣ አያትሽ ቢቆጣም ይቆጣ። ባለፈው ዓመት በመኸር ገብስ ሲከምር ከክምሩ አናት በጀርባው ወደቀ። ተኝቶ ከረመ። እግሩ እየዋለ እያደረ መለሰለት፣ በዱላ መራመድ ጀመረ። ሽንቱ ግን አልመለሰም። ና ሳይሉት ይመጣል፣ መጣ ካለ ደግሞ ደጅ እስኪደርስ አይጠብቀውም። ደብረ ታቦር ወሰድነው። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ከሌላ አገር የመጣች። ረጋ ብላ አስረዳችን። ሲወድቅ ባከርካሪው ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጎድቷል አለች። ፊኛውን ያዝ፣ ልቀቅ የሚለው ትእዛዝ በዚያ በኩል ነው የሚወርድ፤ ትእዛዙ ስለማይደርሰው ፊኛው በገዛ ራሱ እየተኮማተረ ይለቀዋል። እኔ እረኛ እንደሌለው ከብት ነው ብዬ ያዝሁት። ክኒኑ ፊኛውን ያለዝበዋል፣ ጧት፣ ቀትርና ማታ ይዋጥ አለች። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ከበዛ ግን ሽንቱን ጭራሽ ይዘጋዋል አለች።

እሱን ያንገበገበው የልብሱ መርጠብ አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያን መግባት መቅረቱ ነው። በረጠበ ልብስ አልገባም ብሎ ከቅጥሩ በር አጠገብ፣ ከጽዱ ሥር ቆሞ ያስቀድስ ነበር፣ ሰው ሲጠጋው እየሸሸ። ለምን ከደጅ እንደሚቀር ለንስሐ አባቱ እንኳ አልነገረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ብመክረው ዘጋኝ። ክኒኑን ከጀመረ ወዲህ ግን ልብሱ ደረቀ፣ እንደ ዱሮው ከወንዶቹ ጋር ውስጥ ቆመ። ያን እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ዱላውን እንደ ጎረምሳ በትከሻው አጋድሞ ነበር የመጣው። ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

ወደዚያ ጧት ልመለስ። ጩኸቴን ሰምቶ ቀድሞ የደረሰው ካጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤታችን ነው። አፉ ቀልደኛ ነው፣ ትከሻው ግን የታመነ። የቃሬዛ ዕድርተኞቹን ጠርቶ ጫኑት። ከኛ ቤት እስከ መኪናው መንገድ ከጉና ሥር ቁልቁል ነው የሚወርደው፣ ጠጠሩ እግር ያንሸራትታል። ቃሬዛው በተናጠ ቁጥር ያቃስታል። ጎረቤታችን የፊቱን ወገን ተሸክሞ፣ «ጋሼ፣ ጾመው እንዲህ ከከበዱ ለፋሲካ በምን ልንችልዎ ነው?» አለ። ማንም አልሳቀም። እኔ ከኋላ እየተከተልሁ ሆዱን ብቻ ነበር የማይ፣ ይፈነዳብኝ ይሆን እያልሁ።

ደብረ ታቦር ስንደርስ ያችው ሐኪም ተቀበለችን። በሽንቱ መውጫ ቱቦ አስገቡለት። ከረጢቱ ሲሞላ፣ ሲደፋ፣ ደግሞ ሲሞላ እያየሁ ቆምሁ። ሆዱ ጎደለ፣ ቀስ እያለም ልቡ ተመለሰ። ሐኪሟ ያን ጊዜ ጠየቀችው።

«አባባ፣ ክኒኑን እንዴት ነበር የሚወስዱት?»

«እንደ ታዘዝሁት» አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

እንደታዘዘው ወስዶ እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱ አልተስማማውም ማለት ነው፣ እናቆመዋለን፣ ቱቦውም ከነከረጢቱ አብሮት ይኖራል አለች። የሽንት ከረጢት አንጠልጥሎ ቤተ መቅደስ እንደማይገባ እኔ አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። እሷ አታውቅም። እኔ እንዳልናገርለት ምንም አላየሁ፤ ክኒኑን በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ይዞት ነበር የሚውል።

«ሦስት አልሽኝ፣ ሦስት ዋጥሁ» አለ በመጨረሻ።

«መቼ መቼ?»

«ቅዳሴ ሲወጣ።»

«ሁሉንም?»

«ባንድ ጉርሻ።»

ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ተከፋፍሎ ሊሠራ የሚገባው መድኃኒት ባንድ ጊዜ ሲወርድበት ፊኛው ጭራሽ ተኝቶ ቀርቷል፣ ትንሽ ብትቆዩ ኩላሊቱም ይጎዳ ነበር አለችን። ከእንግዲህ አነስ አድርጌ፣ አንዱን ጧት አንዱን ማታ ነው የምሰጥ፣ በዚያ ካልተስማማን አልሰጥም አለች። እሱ ራሱን ነቀነቀ። በጾም ጧት እህልም ሆነ ክኒን ባፉ አይገባም፣ በስተርጅና ገድፌ ከምሞት ጾሜ ብሞት ይሻለኛል አላት። እሷ ወደኔ ዞራ፣ እማማ ይምከሩት አለችኝ። በኔ ምክር እንደማይመለስማ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ጎረቤታችን ወደ አገር ሲመለስ ለንስሐ አባታችን ቃል ላክሁበት። በማግስቱ መጡ፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ እግራቸው አቧራ ለብሶ። ሁሉንም ከኔ ሰሙ። የሽንቱን ነገር፣ ከጽዱ ሥር መቆሙን፣ ክኒኑን ቅዳሴ ሲወጣ ጠቅልሎ መዋጡን። እሱ አንሶላውን እስካገጩ ስቦ ዓይኑን ጨፍኗል። እኔ እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ዋጥ ብለው ቀለል አድርገው የሚያልፉት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ተቆጡ።

«እስቲ ንገረኝ፣ የንስሐ አባትህ ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባ።»

«ታዲያ ይኸን ቀኖና ማን ሰጠህ? ራስህ ሰጪ፣ ራስህ ተቀባይ ሆነህ ልትሞት? የታመመ ሰው መጾሙንም መተዉንም አባቱን ይጠይቃል። ቀኖና ካማረህ እኔ እሰጥሃለሁ። ጧት ጧት አቡነ ዘበሰማያት ደግመህ፣ ይህችን ክኒን ሐኪሟ ባለችህ ሰዓት ትውጣለህ። አንድ ቀን ብታስቀር ጠብህ ከኔ ጋር ነው።»

መስቀሉን ዘረጉለት። ዓይኑን ሳይገልጥ ሳመው።

በዚህ ብቻ ግን አልተገላገልንም። ፊኛው ያን ያህል ተወጥሮ ስለ ቆየ በራሱ ይሥራ አይሥራ እንጃ ብላናለች ሐኪሟ። ጥቂት ቀን አሳርፈው ቱቦውን አወጡና ውሃ ይጠጣ፣ ጠብቁ አሉን። በራሱ ካልወጣለት ቱቦው ይመለሳል፣ ያኔ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም። ካልጋው ጫፍ ተቀመጠ። ጠጣ። ምንም። በዱላው እየተደገፈ በኮሪደሩ ተመላለሰ። ምንም። ሆዱን በመዳፌ እዳብሳለሁ፣ ጠጠር ያለ ይመስለኛል፣ ደግሞ አይ፣ አይደለም እላለሁ። ነርሷ የቱቦውን ዕቃ ይዛ በበሩ ብቅ አለችና አይታን ተመለሰች። ያልተሳልሁበት ታቦት የለም፣ ጣራ ገዳም ድረስ ተሳልሁ። ነርሷ ዳግመኛ ስትመጣ እሱ ምንም ሳይናገር ዱላውን አነሳና ሽንት ቤት ገባ። ከበሩ ቆምሁ። ጭጭ አለ። ተስፋ ቆርጬ ልመለስ ስል ሽንቱ ሲወርድ ሰማሁት፣ ቆረጥ ቆረጥ እያለ፣ በጋ እንደ ያዘው ምንጭ። ነርሷ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

አገራችን ገባን። ጧት ጧት ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ ጸሎቱን አድርሶ፣ ክኒኗን ፊቴ ይውጣል። ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ይጨፈገጋል። አፉ ይደርቃል፣ አንዳንድ ቀንም ልብሱ ይረጥባል፣ እንደ ዱሮው ግን አይደለም። በሕማማት ስግደቱን ባይችልም ውስጥ ተቀምጦ ዋለ። አሁን እኔን የሚያባንነኝ ሌላ ነው። ክኒኑ ደብረ ታቦር ካልሆነ አይገኝም፣ እዚያም የሚጠፋበት ጊዜ አለ፣ መንገዱም የሚዘጋበት ቀን አለ። ከፋሲካ በኋላ ጎረቤታችን አጥሩን እሾህ ሲያለብስ ይኸን ጭንቀቴን ነገርሁት። ከሥራው ቀና አላለም።

«እታለም፣ መኪና ከጠፋ በእግሬ ሄጄ አመጣዋለሁ» አለኝ። «እሳቸውን ከምሸከም ክኒናቸውን ብሸከም ይቀለኛል።»