አሉሚኒየም ላይ የታተመው ሐይቅ

ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር የወጣሁ ሌሊት እናቴ እስከ መኪናው አልሸኘችኝም። "እንባዬ መንገድሽን ያከብደዋል" ብላ ደጃፍ ላይ ዱዓ አድርጋልኝ ገባች። "ለዐረፋ እመጣለሁ" አልኳት። መቼም የወሎ ሰው የትም ቢሄድ ለዐረፋ አገሩ ይገባል፤ ያልገባ እንደሞተ ነው።

መተማን ተሻግሬ ካርቱም ገባሁ። እናንተ ሙቀት ስትሉ ኮምቦልቻን ነው የምታውቁት፤ እዚህ የቧንቧው ውሃ ሻይ ያፈላል!

ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ሃጃ የምላቸው ሴትዮ ቤት ተቀጠርኩ። ሳሎናቸው ውስጥ ግድግዳውን የሞላ የተራራና የሐይቅ ፎቶ አለ። ወረቀት እንዳይመስላችሁ፤ አሉሚኒየም ላይ ነው የታተመው፣ መስታወትም ክፈፍም የለው። ልጃቸው ከዱባይ ያመጣው ነው። ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል በመጣ ቁጥር በለስላሳ ጨርቅ ስወለውለው መጀመሪያ ተራራው፣ ቀጥሎ ውሃው ብቅ ይላል። መብራት ሲያርፍበት ውሃው የምር ያበራል። አርዲቦን ነው የሚመስለኝ።

"ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ይኼ እኮ ኦስትሪያ ነው" ይሉኛል ሃጃ እየሳቁ።

ዘንድሮ ዐረፋ ሲቃረብ መውጫ ቪዛ ልጠይቅ ሄድኩ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማው፣ ጊዜው አልፎበታል።

"ለምንድን ነው የምትሄጂው?" አለኝ መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ።

"ለዒድ።"

"ዒድ እዚህም አለ። በጉም ያው በግ ነው። ያላ፣ ቀጣይ!" ብሎ ወረቀቴን መለሰልኝ።

የዐረፋ ዕለት ጧት አዲስ ቀሚሴን ለብሼ ፎቶው ፊት ቆምኩ። በረዶ የለበሰውን የተራራ ጫፍ በጭንቅላቴ ከልዬ ፎቶ ተነሳሁና ለእህቴ ለዘሀራ ላክሁላት። ለቀልድ ነበር።

በማግስቱ ደወለች። "እህት ዓለም፣ ምን ጉድ ነው የሠራሽን? እማዬ ፎቶውን አይታ 'ልጄ አርዲቦ ደርሳለች' ብላ መንደሩን በእልልታ ሞላችው። ፎቶ ፊት ቆማ ነው ብላት 'የወረቀት ውሃ እንዲህ ያበራል?' ትለኛለች።"

"ስልኩን ስጫት" አልኩ።

"ሰዓዳ፣ እዚያ ውሃ ዳር ምን ይገትርሻል?" አለችኝ እናቴ። "ሰው ሁሉ አርዶ በላ። እኔ ልጄ ሳትገባ አላሳርድም ብዬ በጉን እንዳሰርኩት አለሁ።"

ካርቱም ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። "እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ" ብቻ ወጣኝ።

"እንግዲያው ይቆያል" አለችና ስልኩን ሳትዘጋ አስቀመጠችው። በጉ ሲጮህ ሰማሁ። እናቴም "ቆይ ትንሽ፣ ደርሳለች" ትለዋለች።