ገደቢሱ ተከራይ

አምቦ ቤት ተከራይቼ በገባሁበት ዕለት የኤሌክትሪክ ምድጃዬን ስሰካ የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። በሳምንቱ ካውያ ሰካሁ፤ ደገመው። ከዚያ ወዲያ ነገሬ አበቃ። አከራዬ፣ እንደ አገሩ ወግ «አዴ» የምላቸው እናት፣ መብራት የማይወደኝ ገደቢስ መሆኔን ለጎረቤቱ ሁሉ አዳረሱ።

እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስታትስቲክስ ነው የማስተምረው፤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ትራንስፎርመሩ አርጅቷል፣ ሰው የገጠመለትን እንጂ ያልገጠመለትን አያስታውስም እያልኩ ግቢው ውስጥ ሌክቸር ሰጠሁ።

«እኔ በሌለሁበትስ ይጠፋ የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ያኔማ ወደ ቤት ልትመጣ አስበህ ይሆናል።»

ለዚህ የሚሆን ቀመር እስካሁን አላገኘሁም።

ያም ሆኖ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ። ሴት ልጃቸው ልትዳር ስትል፣ ድንኳን ተካዩም እንግዳ አስተናጋጁም እኔ ነኝ ብዬ አዲስ ሸሚዝ ገዛሁ። ሠርጉ ሊደርስ ሲል አዴ በሬን አንኳኩ። ዓይን ዓይኔን ማየት አፍረዋል።

«ማሎ መምህር፣ እባክህ አትቀየመኝ። ቅዳሜን ጌዶ ከተማ ሄደህ ዋልልኝ። ዲጄው ጄኔሬተር የለውም።»

በጣም ከፋኝ። እምቢ እንዳልል፣ ልጅቷ ያለ ዘፈን ብትዳር ዕድሜ ልኬን የምወቀሰው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት አዲሱን ሸሚዜን ለብሼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ጌዶ አንድ ሻይ ቤት ገብቼ ገና ስቀመጥ ቴሌቪዥኑ ጠፋ። አስተናጋጇ «አሁን ነበር እኮ!» ብላ ዞር ስትል እኔን ያየች መሰለኝ። ምሳ ልበላ ሌላ ቤት ገባሁ፤ እዚያም ጨለማ ነው። አጋጣሚ ነው፣ የአንድ ከተማ መስመር ነው አልኩ ለራሴ። ተማሪዎቼን እንደዚህ በለሆሳስ አስተምሬ አላውቅም።

አመሻሽ ላይ ስመለስ የሠርጉ ዘፈን ከአስፋልቱ ይሰማል። መግባት ስችል፣ ዲጄው ዕቃውን እስኪሰበስብ ድረስ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ጠበቅሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

አዴ ሲያዩኝ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። ያስቀመጡልኝን ምግብ አቀረቡልኝ።

«ቀኑን ሙሉ ድርግም እንኳ አላለም! ጌዶስ፣ መብራት ነበር?»

«ነበር፣ አዴ» አልኳቸው፣ እጄን ከማብሪያ ማጥፊያው አርቄ።