የብየዳ ቤቷ ጋቢ ተቀባይ

ልጅ እያለሁ ሥራዬ ጋቢ መቀበል ነበር። እንጅባራ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ አባቴ ትንሽ የብየዳ ቤት ነበረችው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ወርውሬ በሩ ላይ እቆማለሁ። የቤት በር ሊያሠራ፣ የተሰበረ አልጋ ሊያስበይድ ወይም ዝም ብሎ ጨዋታ ፍለጋ የመጣውን ሁሉ ጋቢውን፣ ነጠላውን፣ የአንገት ልብሱን ተቀብዬ ከበሩ ጀርባ ከተመቱት ሚስማሮች በአንዱ ላይ እሰቅላለሁ። ሊሄድ ሲነሳ ደግሞ አራግፌ እሰጠዋለሁ። ያኔ የተመረቅኩት ምርቃት ሁሉ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የት እንደምገኝ እናንተው ገምቱ።

የእንጅባራን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ክረምት ከበጋ ጋቢ ከትከሻ አይወርድም። የብረት መቁረጫው ግራይንደር ደግሞ ጋቢ ይወዳል። የዘርፉን ጫፍ ካገኘ የሚሽከረከረው ዲስክ እየጠቀለለ፣ ማሽኑ ራሱ ዘሎ ሰው ላይ ይወጣል። አባቴ ይህን በወሬ አልነበረም የሚያውቀው። ዳንግላ ሥራ ሲለምድ በአንድ ብርዳማ ጠዋት የአንገት ልብሱን እንደጠመጠመ ብረት ሊቆርጥ ጎንበስ አለ፤ ከዚያች ጠዋት አገጩ ስር ረጅም ጠባሳ ቀረለት። ስለዚህ በእሱ ቤት የሚንጠለጠል ልብስ ይዞ መግባት ክልክል ነበር። «ግራይንደር ዘመድ አያውቅም» ይል ነበር።

ችግሩ ሽማግሌዎቹ ላይ ነበር። ትልቅ ሰውን «ጋቢዎን ያውልቁ» ማለት በእኛ አገር ከቤቴ ይውጡልኝ ከማለት አይተናነስም። አባቴ ብልሃት ያገኘው በእኔ ነው። ልጅ ሁለት እጇን ዘርግታ «ልቀበልዎት» ስትል ክልከላነቱ ይቀርና መስተንግዶ ይሆናል፤ እምቢ የሚልም አይኖርም። አልፎ አልፎ የበረደው ሰው እሺ ካላለ አባቴ ግራይንደሩን ያስቀምጥና «መብራት ሄደ እኮ» ይላል። በእኛ ከተማ መብራት ሄደ ቢባል ማን ይጠራጠራል?

የዚያች ቤት ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የተቃጠለ ብረት፣ የቀይ ፀረ ዝገት ቀለም፣ ዝናብ የመታው ቆርቆሮ። መሬቱ ላይ በኖራ የተሰመረ መስመር ነበር፤ ማሽን ሲነሳ ከመስመሩ ወዲያ እግሬን አላሳልፍም። ፍንጣሪው ግን እዚያው ሆኜ እንኳ ያስደስተኝ ነበር። ሥራው ሲቆም ከተበላሸ ሬዲዮ ባወጣሁት ማግኔት የብረቱን ብናኝ እየለቀምኩ ፊት ለሳልኩበት ድንጋይ ጢም እሠራለሁ። የሰፈር ልጆች በበሩ ቀዳዳ የብየዳውን ብርሃን እያዩ ይፎካከሩ ነበር፤ ከዚያ ዓይናቸው ሲቆጠቁጥ እናቶቻቸው ጥሬ ድንች እየከተፉ ይለጥፉላቸዋል። በድንች አገር መድኃኒቱም ያው ድንች ነው። እኔ ግን የአባቴን ጠባሳ እያየሁ ስላደግሁ ጀግንነቱ አላማረኝም።

አያ ሞላ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ዘንገና አካባቢ እያረሱ አባቴን ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ። አባቴ እርሻውን ትቶ ብረት ሊለምድ ሲወጣ አኮረፉ። ለቅሶና ድግስ ላይ ይገናኛሉ፤ ቤታችንም መጥተው ይበላሉ። ብየዳ ቤቷን ግን አልፈዋት ይሄዳሉ እንጂ ረግጠዋት አያውቁም። አባቴ «አያ አንድ ቀን ገብተው ሥራዬን ቢያዩልኝ» ሲል ለእናቴ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሌላ ሰው ሲያመሰግነው የሚያዳምጥ አይመስልም፤ የወንድሙ ነገር ግን አንጀቱን ይበላው ነበር።

ጥር ላይ የፈረስ ጉግስ ሲቃረብ የአያ ሞላ እርካብ ተሰበረ። ሌላ በያጅ አግኝተው ቢሆን ይመጡ እንደነበር እንጃ። ብቻ በአንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ፈረሳቸውን ከውጭ አስረው፣ እርካቡን በእጃቸው ይዘው፣ በዚያ እስከ ቁርጭምጭሚት በሚወርድ ወፍራም ጋቢ ተጠቅልለው ገቡ። አባቴ ደንግጦ ተነሳ። ጉልበታቸውን ሳመ፤ ወንበር ጠረገ፤ በአገውኛም ባማርኛም እያቀላቀለ እንኳን ደህና መጡ አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ አየ።

«አባባ፣ ጋቢዎን ልቀበልዎት?» አልኩ እጆቼን ዘርግቼ።

«ተይው ልጄ፣ አልቆይም» አሉኝ።

አባቴ እርካቡን በየደው። የቀረው ጠርዙን በግራይንደር ማለስለስ ብቻ ነበር። አያ ሞላ ግን ወንበሩን ትተው ሥራውን ለማየት አጠገቡ ቆመዋል፤ የጋቢያቸው ዘርፍ ጠረጴዛውን ይነካል። አባቴ ግራይንደሩን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ያችኑ የለመዳትን አመጣ፦ «መብራት ሄደ መሰለኝ፣ አያ።»

አያ ሞላ ቀና ብለው ከራሳቸው በላይ ቦግ ያለውን አምፖል አዩ። «ይሄ ታዲያ በምን ይነዳል?»

እሳቸው እርካቡን ጠፍሮ ከያዘው ሞርሳ ላይ ፈትተው ወሰዱ። «ሥራህን እንዳላይብህ ከሆነ ልሂድልህ» አሉና ወደ በሩ ዞሩ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። አሁን ከወጡ ዳግመኛ እንደማይመለሱ እኔም ልጅቱ ገብቶኛል።

በሩ ላይ ቆሜ ስለነበር በእኔ በኩል ሊያልፉ ነው። «አባባ፣ መብራቱ አልሄደም» አልኳቸው። «ጋቢዎትን ፈርቶ ነው። እሱን የቆረጠው እንዲህ ያለ ልብስ ነው።» አገጬን ቀና አድርጌ ከስሩ በጣቴ አሳየሁ።

አያ ሞላ ቆሙ። ለካ አባቴ ለእሳቸው የነገራቸው ከበቅሎ ወደቅሁ ብሎ ነው። ተመልሰው የአባቴን አገጭ እንደ ሕፃን ልጅ ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ብዬህ አልነበረም ወይ እንዳይሉኝ ነዋ።»

«አዎ፣ እልህ ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ጋቢያቸውን ገፈፉና «ነይ እንግዲህ ተቀበይኝ» አሉኝ። ጋቢው ከእኔ ይከብድ ነበር፤ ታቅፌው ስሄድ መሬት እየጠረገ ነው። ከስር የለበሱት ስስ ሸሚዝ ብቻ ስለነበር ብርዱ ሲያንቀጠቅጣቸው አየሁና የአባቴን ሰማያዊ የቱታ ኮት አወረድኩላቸው። አያ ሞላ አጭር ነበሩ፤ እጅጌውን ደጋግመው ካጠፉት በኋላ ነው እጃቸው የታየው። ያንን ልብስ ነበር ዕድሜ ልካቸውን ሲንቁት የኖሩት። አባቴ ሳቁን ሊውጥ ሞከረ፤ መጀመሪያ የሳቁት ግን እሳቸው ናቸው።

አባቴ መነጽር ሰጥቷቸው ከኖራው መስመር ወዲህ፣ በእኔ በኩል ተቀመጡ። ግራይንደሩ ጮኸ፤ ፍንጣሪው እስከ ግድግዳው ተረጨ። አያ ሞላ የወንድማቸውን እጅ ብቻ እያዩ «ቀስ፣ ቀስ» ይላሉ፤ በዚያ ጩኸት ማን ሊሰማቸው። እርካቡን ሲቀበሉ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ለስልሷል» አሉ። አባቴ ያን ማታ ቤት ሲገባ ይህችን አንዲት ቃል ለእናቴ እየደጋገመ ነገራት፤ እኔም እንደ አዲስ ደስ እያለኝ እሰማው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር አያ ሞላ መጥተው ቱታቸውን ያስወርዳሉ። ብየዳ ቤቷም ጥብቅ ዘበኛ አገኘች። የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ በሩ ላይ ገና ብቅ ሲል «አውልቅ፣ እኔም አውልቄያለሁ» ይሉታል። እኩያቸው ስለሆነ የሚቀየም የለም። እኔ ግን በገበያ ቀን ሥራዬን ተቀማሁ።

አሁን ባሕር ዳር የሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ ብየዳ አስተምራለሁ። ጓንቱ፣ መነጽሩ፣ የማሽኑ መከለያ ሁሉም አለ፤ ግድግዳው በማስጠንቀቂያ ተሞልቷል። ጥሩ ነው፣ አባቴ ያኔ ግማሹን እንኳ አላገኘም። ግን ተማሪ ሻርፕ ጠምጥሞ ሲገባ ጣቴን ወደ ግድግዳው እቀስራለሁ እንጂ እጄን ዘርግቼ አልቀበለውም። በዚህ በኩል የአባቴ ቤት ትበልጠናለች።

ባለፈው እንጅባራ ሄጄ ከባጃጅ ወርጄ በቀጥታ ወደ ብየዳ ቤቷ ገባሁ። እንደ ልማዱ ያካፋል። አሁን ቤቷን የያዘው ወንድሜ ነው፤ ትንሿ ልጁ ከበሩ ጀርባ ወጥታ ሁለት እጆቿን ዘረጋችልኝ። «እቴ፣ ሻርፕሽን ልቀበልሽ?» አለችኝ። ሰጠኋት፤ ሰቀለችው። አንገቴን ብርዱ ሲይዘኝ አየችና ከዳር ካለው ሚስማር ላይ ሰማያዊውን ቱታ አውርዳ አመጣችልኝ። አያ ሞላ ካረፉ ከርመዋል። ለበስኩት፤ እጄ ግን ከእጅጌው ብዙ ወጥቶ ቀረ። እሳቸው እንዳጠፉት ነበር፤ አልዘረጋሁትም።