ቡቺ የሚያውቀው ፉጨት

ባለፈው ቅዳሜ ከአራት ኪሎ ተነስቼ፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሬ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስወጣ፣ አዲስ በተነጠፈው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ዳር፣ ሣር የተተከለበት መደብ ላይ፣ አንዲት ወጣት ነጭ ጸጉራም ውሻዋን በገመድ ይዛ ቆማ አየሁ። ውሻው ጉዳዩን እስኪጨርስ ሰማይ ሰማዩን እያየች ጠበቀችው፤ ከዚያ ከኪሷ ፌስታል አውጥታ እጇን እንደ ጓንት አጠለቀችበትና ጎንበስ ብላ ሙልጭ አድርጋ አንስታ ቋጠረችው። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያታል። አንድ ጎረምሳ "ኧረ ውሻው ሠራተኛ ቀጥሯል!" ብሎ ሲጮህ ከታክሲ ተራው በኩል ሳቅ ፈነዳ፤ እሷም ሳቀች፤ እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ጠዋት በዘነበው ዝናብ የራሰ አፈርና የውሻ ጸጉር ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ነበርና ታላቅ እህቴ ሂሩት መጣችብኝ። እሷም ውሻ መጸዳጃውን አስተምራ ነበር፤ ያውም ፌስታል በሌለበት፣ ያውም በዚህችው ዳገት ላይ፣ ያውም ውሻ ማለት አጥር ሥር ታስሮ ሌባ የሚጠብቅ ፍጥረት ብቻ በነበረበት ዘመን።

ቤታችን የነበረበትን ቦታ ዛሬ ጣቴን ቀስሬ ማሳየት አልችልም፤ ሁሉም ተስተካክሎ መንገድና ሣር ሆኗል። ያኔ ግን ከድልድዩ በላይ፣ የዳገቱ ወገብ ላይ፣ የእንጨት በረንዳው ወደ አንድ ጎን ያዘመመ፣ ሲረግጡት የሚያቃስት የጭቃ ቤት ነበረን፤ ከፊቱ ያለችውን ጠባብ ግቢ ደግሞ እኩሌታዋን አባባ አትክልት አድርገዋት ነበር። አባባ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ንግግር የማያበዙ፣ ልጅ አቅፈው የማይስሙ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ ሳይሆን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው። ማታ ከሥራ ሲመለሱ ኮታቸውን በረንዳው ምስማር ላይ ሰቅለው፣ ከረባታቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ ተንበርክከው አረም ሲነቅሉ ግን ሌላ ሰው ይመስሉኝ ነበር። ጤና አዳሙ፣ በሶብላው፣ ጠጅ ሳሩ፣ ጥግ ላይ ያለው አንድ መደብ ጎመን የእኛ ብቻ አልነበረም። ልጁን ሆዱን የቆረጠው፣ እርጎው ላይ ቅጠል ያማረው የሰፈር ሰው ሁሉ "ጋሽ ተሰማ፣ ትንሽ ልቁረጥ?" እያለ ይገባል፤ አባባም ሰው ሁሉ ከእጃቸው እንደሚጎርስ ነበር የሚሰማቸው።

ሂሩት የልብ ሕመምተኛ ነበረች። በሕፃንነቷ ጉሮሮዋን እየደጋገመ ያማት የነበረው ነገር ወደ ልቧ ወርዶ ነው ብለው ሐኪሞቹ ነገሩን፤ ያዘዙላትም ዕረፍት ነው፤ በተለይ ዳገት እንዳትወጣ። ለፒያሳ ልጅ ዳገት አትውጪ ማለት ከቤት አትውጪ ማለት ነው፤ ትምህርት ቤቷ በዳገቱ ላይ ነው፣ ቁልቁል ብትሄድም መመለሻው ያው ዳገት ነው። ስለዚህ ትምህርቷን አቋርጣ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ጓደኞቿ መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ ይመጡላት ነበር፤ እያደር ቀረት ቀረት አሉና በመጨረሻ በአጥሩ ላይ እጅ አውለብልበው ማለፍ ጀመሩ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ከእጄ ነጥቃ፣ እሷ ድሮ የጨረሰችውን የታናሽ እህቷን ትምህርት እንደ አዲስ ታነበው ነበር።

ቡቺ የመጣው በአንዱ ክረምት ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ፣ በአጥሩ ሥር ሾልኮ የገባ ጭቃ በጭቃ የሆነ ቡችላ በረንዳው ደረጃ ላይ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ፣ ሂሩት በነጠላዋ ጠቅልላ አቀፈችው። እማዬ "ኧረ ነጠላው! በውሻ ታረክሺዋለሽ!" ብላ ጮኸች፤ ግን አልነጠቀቻትም፤ ልጇ ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ ስትስቅ አይታ ነዋ። አባባ ማታ ሲመጡ ሂሩትን አዩ፣ ቡችላውን አዩ፣ ከዚያ ጣታቸውን ወደ አትክልቱ ቀሰሩ።

"አንድ ቀን እዚህ ውስጥ ካበላሸ፣ በማግስቱ ድልድዩን አሻግሬ ነው የምጥለው። ሰው የሚበላው ነገር ነው። ሰማሽ?"

"ሰምቻለሁ አባባ" አለች። አባባ ካሉ አሉ ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን። ሂሩት የቀራት ጓደኛ ደግሞ ያ ቡችላ ብቻ ነበር።

ከማድ ቤቱ ጀርባ አመድ የምንደፋበት፣ ምንም የማይበቅልበት ጥግ ነበር። ሂሩት ለቡቺ የመረጠችለት እሱን ነው። ማንም አላሳያትም፤ በረንዳ ላይ ሲውሉ የሚገኘው ሐሳብ ብዙ ነው። ገና ሳይነጋጋ ተነስታ፣ ሹራብ ደርባ፣ ቡችላውን አቅፋ ወስዳ አመዱ ላይ ታስቀምጠውና አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ትጠብቃለች። እሱ አመዱን ያሸታል፣ ያስነጥሰዋል፣ የገዛ ጭራውን ያባርራል፣ ጣቷን ይነክሳል፤ እሷ አትቆጣም። ሲቀናው ከፉርኖ ዳቦ ቆርሳ ታጎርሰዋለች፣ አመድ ትበትንበታለች፣ በጣሳ ቁራጭ ዝቃ አጥሩ ሥር ትቀብረዋለች። ከምሳ በኋላ እንደገና፣ ሊመሽ ሲል እንደገና። አንዴ ታዲያ ከበሶብላው መሃል ገብቶ ወገቡን ማጠፍ ሲጀምር አይታ፣ ዳገት የተከለከለችው ልጅ ከበረንዳው ዘልላ ወርዳ አፈፍ አደረገችው፤ ሽንቱ በሙሉ ቀሚሷ ላይ ወረደ፤ አትክልቱ ግን ተረፈ። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ደረቷን በመዳፏ ይዛ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ ለረዥም ጊዜ አለከለከች። መናገር ስትችል መጀመሪያ ያለችኝ "ለአባባ እንዳትነግሪ፣ ሚጣ" ነው።

ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ፣ በሰው ላይ ሙድ ሳይዙ ውለው የማያድሩ ሴት፣ አንገታቸውን በአጥሩ ላይ ብቅ አድርገው ትምህርቱን ይከታተሉ ነበር። "ሂሩትዬ፣ እሱን ስትጨርሺ ከመጠጥ ቤት ሲወጡ አጥሬን የሚያጥቡትን ወንዶች ታስተምሪልኛለሽ! መሽናት ክልክል ነው ብዬ ባጽፍ፣ ጭራሽ ጽሑፉ ላይ ሆነ የሚሸኑት!" ይሏታል። ቡቺን "ተማሪው" ብለው ሰየሙት፤ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር "ተማሪው አለፈ ወይስ ወደቀ?" ነው ጥያቄያቸው።

ተማሪው አለፈ፤ ግን ደግሞ አደገ፣ ሂሩትም አቅፋ መውሰድ አቃታት። ስለዚህ በፉጨት ትጠራው ጀመር። አባባ ፉጨት ለወንድ እንኳ የባለጌ ነገር ነው የሚሉ ሰው ናቸውና የመጀመሪያ ቀን ደንግጠው "ሴት ልጅ ታፏጫለች እንዴ?" አሉ፤ እማዬ ደግሞ የሳሳችው ለትንፋሿ ነው። ፉጨቷ ሁለት አጫጭር ድምፅና ከዚያ ሽቅብ የሚወጣ አንድ ረዥም ነበር፤ ረዥሙን ግን አንድም ቀን ጨርሳው አታውቅም፤ ሽቅብ ሲል ትንፋሽ ያጥራትና መሃል ላይ ይቆረጣል። ቡቺ ያንን ሲሰማ ከተኛበት ተነስቶ፣ የአትክልቱን ጠርዝ ተጠንቅቆ ዞሮ ወደ ጥጉ ይሄዳል። ሳትጠራው አይሄድም፤ ከጥጉ ሌላም የትም አይሞክርም።

አባባ ተግሣጻቸውን ብዙም ሳይቆዩ ተዉት። ጠዋት ጠዋት በአንድ እግራቸው ጫማ አጥልቀው፣ ሌላውን ጫማ በእጃቸው ይዘው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ጆሯቸውን አቁመው ሲጠብቁ አያቸዋለሁ፤ ከግቢ ፉጨቱ ሲሰማ ነው ሁለተኛውን የሚያጠልቁት። ውሻው ወጣ አልወጣ ብለው አልነበረም። ልጃቸው በሰላም ማደሯን የሚያውቁት በሱ ስለሆነ ነው።

በመጨረሻው ክረምት እግሯ አበጠ። ከበረንዳው ወደ አልጋ ገባች፤ ትራስ ተደራርቦላት ቁጭ እንዳለች ነበር የምታድረው። አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠጋንላት፤ ከዚያ ሆና ታፏጫለች፤ ቡቺ ብቻውን ሄዶ፣ ጉዳዩን ፈጽሞ፣ መስኮቱ ሥር ተመልሶ ይቆማል፤ ዳቦውን ትጥልለታለች። አመድ መበተኑ ለእኔ ሆነ። ያ ረዥም ድምፅ ግን በየሰሞኑ እያጠረ ሄደ፤ መጀመሪያ እኩሌታው ቀረ፣ ቆይቶ ጅምሩ ብቻ። ቡቺ በእያንዳንዱ ጊዜ እንደ አዲስ ያጠናው ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ምሽት ትንፋሽ እምቢ አላት። አባባ በታክሲ ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ ሲነጋ ግቢያችን በጩኸት ተሞላ፤ በዚያው ቀን ቀበርናት።

የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ይዘው ሲመጡ መትከያ ቦታ ጠፋ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግቢው ደግሞ ግማሹ አትክልት ነው፤ ሰዎቹ አንዱ የሌላውን ፊት እያየ ቆመ፤ የአባባን አትክልት ማን ይንካ? አባባ ከቤት ወጡ፣ አካፋቸውን አነሱ፣ ጤና አዳሙን፣ በሶብላውን፣ ጠጅ ሳሩን፣ ጎመኑን በገዛ እጃቸው ገለባበጡትና "እዚህ ትከሉት" አሉ። እስኪመሽ ድረስ መደቡ በለቀስተኛ ጫማ ተደልድሎ ሜዳ ሆነ፤ የተረገጠው በሶብላ ሽታ ድንኳኑን ሞልቶት አመሸ። አባባ ግን አላለቀሱም፤ በቀብሩም ላይ አላለቀሱም። ወዳጅ ዘመዱ "ምነው እንባ በወጣላቸው" እያለ ይጨነቅ ነበር።

ቡቺን ያስታወሰው ሰው አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት መስኮቷ ሥር ሆዱ ተነፍቶ፣ መላ ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ፣ ቀጭን ድምፅ እያሰማ አገኘሁት፤ እሷ ከተወሰደችበት ምሽት ጀምሮ አልተጸዳዳም ነበር። እየጎተትኩ ጥጉ ድረስ ወሰድኩት፤ አመዱ ላይ ቆሞ ዓይን ዓይኔን አየኝና ወደ መስኮቱ ተመለሰ። የሚጠነቀቅለት አትክልት የለም፤ ግቢው ሁሉ ጭቃ ሆኗል፤ የፈለገበት ቢለቀው የሚቆጣው አልነበረም። እሱ ግን ጨክኖ ያዘው። አጎቴ "ይሄ ውሻ ታሟል፣ ከለቅሶ ቤት አውጡት" ሲሉ፣ እማዬ ከፍራሹ ላይ ቀና ብላ፣ በተዘጋ ድምፅ "የልጄን ውሻ እንዳትነኩብኝ" አለች። ላፏጭለት ሞከርኩ፤ ከከንፈሬ የወጣው ነፋስ ብቻ ነበር።

አባባ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ከድንኳኑ ወጥተው አጠገቤ ቆሙና ውሻውን አዩት። ከዚያ አፏጩ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ባሉበት፣ በልጃቸው ለቅሶ ቤት፣ አባባ አፏጩ። ከድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ "ኧረ ይሄ ሰው ምን ነካው?" ሲሉ ሰማሁ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም፤ ለካስ እያንዳንዱን ድምፅ ይዘውት ኖሯል። ቡቺ ጆሮውን አቆመ፤ አልተነሳም። ደገሙለት፤ ረዥሙ ድምፅ ጥርት ብሎ እስከ ጫፉ ወጣ። አሁንም አልተነሳም። ያ የጤነኛ ሰው ፉጨት ነው፤ ቡቺ አያውቀውም። አባባ ቀና ብለው መስኮቷን አዩ። ቀጥለው ሁለቱን አጫጭር አፏጩና ረዥሙን ገና ሲጀምሩት ቆረጡት፤ ልክ እሷ ትንፋሽ የሚያጥራት ቦታ ላይ።

ቡቺ ተነሳ። እየተንገዳገደ፣ በድንኳኑ ገመዶች መሃል አልፎ፣ አትክልቱ የነበረበትን ጠርዝ ያን ዕለትም ተጠንቅቆ ዞሮ፣ ወደ ጥጉ ሄደ።

አባባ ያለቀሱት ያኔ ነው። ጭቃው ላይ ቁጭ ብለው፣ ሰው ሰምቶት በማያውቀው ድምፅ አለቀሱ። ሰዎች ሮጠው ወጥተው ብብታቸውን ይዘው ሊያነሷቸው ሲታገሉ "ተዉኝ፣ ዳቦ አምጡልኝ" አሉ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባን እኔና እማዬ ብቻ ነበርን። "ዳቦ ስጡት እንጂ፣ ይጠብቃል!"

ከዚያ በኋላ አባባ አትክልት አልተከሉም። ቅጠል ፍለጋ የሚመጣው ሰው እየቀነሰ ሄዶ ቀረ። ቡቺ አርጅቶ እስኪሞት ድረስ ግን፣ በየጠዋቱ ወደ ሥራ ሳይሄዱ በፊት ኮታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ግቢው መሃል ቆመው ያፏጩለት ነበር፤ እትዬ በላይነሽ እንኳ ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ከአጥሩ ያወርዱ ነበር። ኋላ አባባ ሄዱ፣ እማዬ ተከተለቻቸው፣ በቅርቡ ደግሞ ቤቱም ሰፈሩም ሄደ። የሂሩት ጥቂት ፎቶግራፎች አሉኝ፤ ልጆቼ ያዩዋቸዋል፤ ቆንጆ ነበረች ይላሉ። ያ ፉጨት ግን የትም አልተቀዳም፤ እህቴን እንዳለች አድርጎ የያዛት ደግሞ እሱ ብቻ ነበር።

ከልጅነቴ በኋላ ማፏጨት ተምሬያለሁ። ቅዳሜ ወደ ቤቴ ስመለስ በኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ ቆምኩና ሞከርኩት፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም። እሷ ያቆመችበት ቦታ ላይ ልቆርጠው ፈልጌ አንዴ አሳጠርኩት፣ አንዴ አስረዘምኩት፤ አይደለም፣ አይመስልም። ቦታውን የሚያውቁት አባባና ቡቺ ነበሩ። የእኔ ልብ ጤነኛ ነው፤ ትንፋሼ ሳልፈልገው አልፎት ይሄዳል።