መጠጡን የተወ ሰሞን

የሰፈሩ ሰው «ውሃ ልክ» ይለዋል። ሴራሚክ ሲያነጥፍ ክር ታህል አይዛነፍበትም፤ ስሙን ያወጡለትም ግንበኞች ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ግን ሰውየው ራሱ መዛነፍ የጀመረበትን ቀን ቆርጣ መናገር አትችልም። መጀመሪያ ተንበርክኮ የዋለ ጉልበቱን ሊያፍታታ አንድ ሁለት ይል ነበር። ኋላ ምሳ ላይም መቅመስ መጣ። በመጨረሻ ጠዋት ሳይጎነጭ እጁ የሲሚንቶ ማንኪያውን አልይዝ አለ። አሠሪዎቹ ፍለጋ ሲመጡ እሷ የስፌት መኪናዋን አቁማ «ወገቡን አሞት ተኝቷል» ትላለች። ከልማድ ብዛት ውሸቱ ከእውነቱ ይልቅ ይቀናት ጀመር።

አንድ እሁድ ልጃቸው ደብተሯን እያገላበጠች፣ «ነገ ትምህርት ቤት ወላጅ ተጠርቷል። እማዬ ትምጣ» አለች።

«እኔስ?» አለ አባት።

ልጅቷ አቀረቀረች። «አባዬ፣ አንተ... አትምጣ።»

አባት ተነሣና ከአልጋው ሥር ጠርሙሶቹን አውጥቶ ለሚስቱ አስታቀፋት።

«ድፊው።»

«የምርህን ነው?»

«እኔ ልድፋው ካልኩማ መሬቱን እልሳለሁ።»

ስንት ዓመት ያልሳቀች ሴት ሳቀች። አንድ ሳታስቀር ደፋችው።

በማግሥቱ ላብ አጠመቀው፣ የበላው አልረጋ አለው። አንዲት ጡረተኛ ጎረቤታቸው ብቅ ብላ አየችውና፣ «እሰይ! መርዙ እየወጣለት ነው። ጨክኚ እንግዲህ!» አለቻት።

ጨከነች። በሁለተኛው ቀን ብርድ ልብሱ አብሮት እስኪንቀጠቀጥ ተንዘፈዘፈ። «አንድ ጉንጭ ብቻ፣ ስሞትልሽ» ብሎ ለመናት። እሷም እያለቀሰች በሩን ቆለፈች።

በሦስተኛው ጠዋት ግድግዳው ላይ አፈጠጠ። «ይሄን ጉንዳን ጥረጊልኝ እንጂ! ሥራዬን አበላሸው እኮ!»

ጉንዳን አልነበረም። ደስ ይበለው ብላ መጥረጊያ አንሥታ ባዶውን ግድግዳ ጠረገችለት። ዞር ስትል ሰውነቱ እንደ እንጨት ደርቆ፣ አረፋ እየደፈቀ ወለሉ ላይ ይንፈራገጣል።

ሆስፒታል ሐኪሙ፣ «ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው መቼ ነው?» ሲላት ቀና አለች።

«ኧረ ዶክተር፣ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው! ጠብታ አልቀመሰም።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ጠዋት ማታ።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እናቴ፣ መተዉ ደግ ነበር። ግን እንዲህ የለመደ ሰውነት በአንዴ ሲቋረጥበት ለሕይወት ያሰጋል። እዚህ አምጥታችሁት፣ በመድኃኒት እየተረዳ ነው መተው የነበረበት።»

«አላወቅንም።»

«ብዙ ሰው አያውቅም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ውሃ ልክ ሳይነቃ በማግሥቱ ከቀትር በኋላ አረፈ።

ለቀስተኛው «መጠጥ በላው» እያለ ከንፈሩን መጠጠ። እሷ «ትቶት ነበር እኮ! ትቶት ነው የሞተው!» ብላ መጮህ አማራት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

ሰው ሁሉ ተበትኖ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ልጅቷ ሥሯ ተወሸቀች።

«እማዬ፣ አትምጣ ባልለው ኖሮ...»

«ዝም በይ! ሐኪም ቤት ሳልወስደው የቀረሁት እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«እኔ ነኝ አልኩሽ!»

ጥፋቱን አንዷ ለሌላዋ አልለቅም ብለው፣ ተቃቅፈው አለቀሱ።