በማን አሥራ ሁለት?

ባለፈው ሳምንት ገንዳ ውሃ ገበያ ቲማቲም ስመርጥ፣ ድምፅ ማጉያ የተሰቀለበት መኪና ከኋላዬ ደርሶ ያን የሚያንቋርር ድምፁን ለቀቀና «ይሰማል! ይሰማል!» ሲል የያዝኩት ፌስታል ከእጄ አመለጠ። ቲማቲሙ አቧራ ላይ ሲንከባለል ሻጯ ልጅ ሳቀችብኝ፤ «እትዬ፣ ስለ ባጃጅ ነው እኮ የሚለፈልፈው፣ እርስዎ ባጃጅ አለዎት እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ባጃጅ የለኝም። ግን ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ ዕድሜዬ አርባን አልፎ እንኳ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ መተማ ድልድይ አጠገብ ቆሜ ነው ራሴን የማገኘው።

ያደግሁት መተማ ዮሐንስ ነው። ቤታችን የሣር ክዳን ነበር፤ ከደጃፉ ሲቆሙ ድልድዩ ይታያል፣ ድልድዩን የተሻገረ ሱዳን ገባ ማለት ነው። ወንዙ በበጋ ደርቆ ፍየል እግሯን ሳታርስ ትሻገረው ነበር። ፀሐያችን አንድ፣ አቧራችን አንድ፣ ትንኛችንም አንድ ሆኖ ሰዓታችን ግን ለየቅል ነበር። እኛ አሥራ ሁለት ሰዓት ስንል ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ የማዶ ሰዎች አሥራ ሁለት ሲሉ ግን ፀሐይ አናት ላይ ነች። ስለዚህ በዚያ አገር ልጅ አፉን ሲፈታ ከሚማረው ቃል አንዱ «በማን?» ነበር። መኪናው በሦስት ይነሳል የተባለ ሰው «በማን ሦስት? በሐበሻ ነው በሱዳን?» ሳይል ጓዙን አያነሳም። ያን ሳይጠይቅ የሄደ ሰው ይሳቅበት ነበር።

ክረምት ሲገባ ጥቁሩ መሬት እግር ይዞ አይለቅም፣ መኪና ይቆማል፣ እርሻ ያረመም ያላረመም ወንድ ሁሉ ሐጂ ኑር ሱቅ በረንዳ ላይ ይሰበሰብ ነበር። ሐጂ ኑር ድልድዩ አፍ ላይ ስኳርና ሳሙና፣ ጨርቅና ባትሪ የሚሸጡ፣ ነጭ ጀላቢያቸው በዚያ ሁሉ ጭቃ የማይቆሽሽ ነጋዴ ነበሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ወንዶቹ እየጮሁ ይከራከሩ ነበር፤ ትራክተር የድሃን ጉሮሮ ይዘጋል ወይስ ይከፍታል፣ ሰሊጥን ማዶ ወስዶ መሸጥ ንግድ ነው ወይስ ኮንትሮባንድ። አባቴ «አባቶቻችን በግመል ሲያሻግሩት ንግድ ነበር፣ እኛ በትከሻ ስናሻግረው እንዴት ወንጀል ሆነ?» ይል ነበር። ሐጂ ኑር ደግሞ ሚዛናቸውን እየጠረጉ፣ «ሕግ ማለት እኮ ዘበኛው ነው፤ ዘበኛው ምሳ ሲሄድ ሕጉም አብሮት ምሳ ይሄዳል፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» ይሉና በረንዳውን በሳቅ ያናውጡት ነበር።

በዚያው ክረምት አባቴ ከማዶ የእጅ ሰዓት ገዝቶ መጣ፤ ሲጫኑት የሚበራ፣ በቁጥር የሚናገር ሰዓት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ችሎት ሆነ። አባቴ በሱዳን ይሞላ አለ፣ «የምገዛውም የምሸጠውም እዚያ ነው» ብሎ። እናቴ ወጥ ከማማሰሉ ቀና ሳትል፣ «የምትበላው ግን እዚህ ነው። በሱዳን ከሞላኸው ራትህንም እዚያው ይስጡህ» አለችው። አባቴ ሳቀ፣ በሐበሻ አስሞላው፤ በማግስቱ ሐጂ ኑር ጋ ሲሄድ በሱዳን አስለወጠው፤ ማታ እናቴ ስትቆጣ መለሰው። እኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩና ቁጥር ስለማውቅ፣ የሚያስሞላው እኔን ነበር። በዚህ በጣም እኮራ ነበር።

መስከረም አልቆ ሰሊጡ ቅጠሉን ማራገፍ ሲጀምር ጨዋታው ሁሉ ይቆማል። ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይታገሥም። ፍሬው ደርቆ አፉን ከከፈተ ነፋስ ይዘራዋል፣ መሬት ላይ የወደቀውን ደግሞ ማንም አይለቅመውም። ከጎጃምና ከወሎ ደገኞቹ ማጭዳቸውን ይዘው ይወርዱ ነበር፤ አባቴም ስምንት ሰው ቀጥሮ እርሻው ላይ አሰፈራቸው፣ ጆንያና የውሃ ጀሪካን ብቻ ቀረው። እሱ ደግሞ የሚገኘው ማዶ ነው።

በዚያ ሰሞን ሁለቱ አገሮች በምን እንደተጣሉ እኛ ልጆች አናውቅም። አንድ ጠዋት ብቻ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና መጥቶ «ይሰማል! ይሰማል! ድልድዩ ዛሬ ይዘጋል» አለ፤ በስንት ሰዓት እንደሆነም ተናገረ፣ ያን ግን ነፋሱ ወሰደው። እናቴ አባቴን እጁን ይዛ «ዛሬ አትሂድ» አለችው።

«ጆንያ ሳልይዝ ሰሊጡን በምን ልሰብስበው? በቀሚስሽ?»

«በቀሚሴም ቢሆን ይሰበሰባል።»

አባቴ ወደኔ ዞረና «ሩጪ፣ ሐጂን ጠይቂያቸው። በስንት እንደሚዘጋ፣ በማንም እንደሆነ» አለኝ። በማንም እንደሆነ ብሎኛል። ይህን አልክድም።

ሮጥኩ። ሐጂ ኑር ግን በዚያ ሳምንት ቴሌቪዥን አስመጥተው ነበር፤ ጄኔሬተሩ በጓሮ ይጮሃል፣ ከበረንዳው እስከ መደርደሪያው በሰው ተሞልቷል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዕል ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። አንድ ሰው ከጣሪያ ወደ ጣሪያ እየዘለለ ሲያመልጥ ይታያል፣ ሰዎቹ «ያዘው! ያዘው!» ይላሉ። በሰው እግር መሃል ሾልኬ ሐጂ ጋ ደረስኩና ጠየቅሁ። ስኳር እየመዘኑ ነበር። «አሥራ ሁለት ላይ ይዘጋል በይው። ቶሎ በይ፣ ያ ቢንት» አሉኝ። «በማን?» ልል አፌን ከፈትኩ፣ ያ ሰውዬ ግን ጣሪያው ጫፍ ላይ በእጁ ተንጠልጥሏል፣ ዓይኔን ከሱ ማንሳት አቃተኝ። ወደቀ፣ አልወደቀም ሳይታወቅ ጄኔሬተሩ ጠፋ፤ ሰው ሁሉ ጮኸ፣ እኔም ከሰው ጋር ወጣሁ።

መንገድ ላይ ትዝ አለኝ። ልመለስ አልኩና አባቴ ከሩቅ ሲጠራኝ ሰማሁ።

«በስንት?»

«አሥራ ሁለት።»

«በማን?»

አልጠየቅሁም ብል ቴሌቪዥን ስታይ ቆይታ ነው እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። «በሐበሻ» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሐጂ ናቸው ያሉት።»

አባቴ ፀሐይዋን አየ፣ ገና ረፋድ ነው። «እስከ ማታ አራት ጊዜ ደርሼ እመለሳለሁ» አላትና እናቴን፣ የሸክም ገመዱን በትከሻው አድርጎ ወረደ። ድልድዩ መሃል ላይ ዞር ብሎ እጁን ሲያወዛውዝ ያ ሰዓት በፀሐይ አብለጨለጨ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ከማዶ ሰዎች እየሮጡ መምጣት ጀመሩ። አንዷ ሴት ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ አንዱ ሽንኩርቱን እየበተነ ነው የሚሮጠው። ከዚያ ከወዲያ ሰንሰለት ተወጠረ፣ ከወዲህም ተወጠረ። የመጣውን ሰው ሁሉ ፊቱን አየሁ። አባቴ ከመሃላቸው አልነበረም። እናቴ መጥታ አጠገቤ ስትቆም ማልቀስ አልቻልኩም፤ ካለቀስኩ የሚታወቅብኝ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ሐጂ ኑር ቤታችን መጡ። እናቴ ሳታስቀምጣቸው፣ «ምነው ሐጂ? ምን አደረግንዎት? ማታ ነው ብለው ልከው ባሌን አስበሉኝ» አለቻቸው። ሐጂ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ ምሰሶው ጀርባ የቆምኩትን እኔን አዩኝ። እኔም አየኋቸው፣ ሁለታችንም እናውቃለን። ዓይናቸውን ሰበር አድርገው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ እመቤት። ስኳር እየመዘንኩ ሰዓቱ ተምታታብኝ፣ አፉ በይኝ» አሉ። እናቴ አፉ አላለቻቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክብሪት እንኳ ከሳቸው ሱቅ አትገዛም ነበር፤ ለአንድ ሳሙና ከተማውን አቋርጣ ትሄድ ነበር፣ እኔም ቅርጫቱን ይዤ ከኋላዋ እከተላት ነበር።

ያን ኅዳር እናቴ ራሷ እርሻ ወረደች። ከስምንቱ ደገኞች አምስቱ ባለቤት የሌለው እርሻ ብለው ወደ ሌላ ሄደዋል፤ የቀሩት ሦስት አጨዱ፣ የታጨደውን እያሰሩ አቆሙ፣ ግን ሰሊጡ ቀደማቸው። ትንሽ ነፋስ ሲነሳ ያ ደረቅ ፍሬ ቀስ ብሎ እየፈነዳ፣ እንደ ካፊያ ዝናብ ያለ ድምፅ እያሰማ መሬት ላይ ይፈስ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ዘርግታ ከሥሩ ስትቀበል ከጎጃም የመጣው ሽማግሌ አይቷት፣ «ተይው እመቤቴ፣ ሰሊጥ እንደ ነገር ነው፣ አንዴ ከፈሰሰ አይሰበሰብም» አላት። ለሷ ነው የተናገረው፣ እኔ ግን ለኔ የተናገረ መሰለኝ።

በጋው አለፈ፣ ድልድዩ አልተከፈተም። ምድሩ በሙቀት ሲሰነጠቅ፣ በሚያዝያ፣ አንድ ጠዋት አባቴ በሽንፋ በኩል ባለው ጫካ ዞሮ በእግሩ መጣ። ማዶ በሰው እርሻ ላይ በጉልበት እየሠራ፣ ከዛፍ ሥር እያደረ ነበር የቆየው። ክንዱ ቀጭን፣ ሆዱ በግራ በኩል ያበጠ። ሰዓቱ እጁ ላይ የለም። ሐኪሞቹ ካላዛር ነው፣ ዛፍ ሥር ያደረን ሰው ትንኝ ነክሶ የሚያስይዘው በሽታ ነው አሉ፤ መርፌ በየቀኑ ይወጋ ነበር፣ እኔም ውሃ እየያዝኩ አጠገቡ እቀመጥ ነበር።

ዝናቡ ከጀመረ በኋላ፣ እናቴ ገበያ ሄዳ ሁለታችን ብቻ በነበርንበት ቀን ነገርኩት። ሐጂን በማን እንደሆነ እንዳልጠየቅሁ፣ ቴሌቪዥን ስመለከት እንደነበር፣ በሐበሻ ያልኩት ከራሴ እንደሆነ። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። «አውቃለሁ» አለ። «ማዶ እንደገባሁ ዘበኛው ቀትር ላይ እንዘጋለን ብሎኝ ነበር። ጆንያ ረክሶ ሳገኝ ስስት ያዘኝ፣ አንድ ሸክም ልጨምር ብዬ ነው የቆየሁት። አንቺ ምን አደረግሽ?» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መስከረም ሲጠባ ሞተ። ለቅሶው ላይ ሐጂ ኑር ከድንኳኑ ውጭ፣ ፀሐዩ ላይ ተቀምጠው ዋሉ፤ ማንም ወደ ጥላው ግቡ አላላቸውም፣ እኔም አላልኩም። እናቴን የነገርኳት ሐጂ ሞተው፣ እኔም ልጅ ወልጄ ነው። ሰማችኝና፣ «ሐጂ የመጡ ቀን ቡና አልነበረም ቤት፣ ውሃ እንኳ አላቀረብኩላቸውም» አለች።

አባቴ ዘበኛው ነገረኝ ያለው እውነት ይሁን ለኔ ብሎ የፈጠረው እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጅ ከወለድኩ በኋላ ግን የፈጠረው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እኔም ዛሬ ለልጄ እዋሻለሁ። ልጄ ጎንደር ትማራለች። አሁን ሰው ሁሉ ስልክ አለው፣ በሻይ ቤቱ ክርክሩ ስለ ኔትወርክና ስለ ጎንደር መንገድ ነው፤ ማን ይጠብቀው፣ የቱ ሕግ ይያዝበት እየተባለ ይጮሃል፣ መኪኖቹ ግን አንድ ቀን ይሄዳሉ፣ አንድ ቀን መሃል ላይ ይቀራሉ፣ ታጣቂ ከመኪና አውርዶ የወሰደው ሰው ስልኩ እየጠራ አይነሳም። ለበዓል እመጣለሁ ብላ ትናንት ደወለችልኝ። «ምን ልትሠሪ፣ እኔ እኮ ለበዓሉ አክስትሽ ጋ ነኝ፣ ቤቱ ባዶ ነው» አልኳት። «እማ፣ ታለቅሻለሽ እንዴ?» አለችኝ። «ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው» አልኳት።

እናቴ የምትወደው ሰው እንዲመጣላት ስትለምን ከረመች። እኔ ደግሞ የምወዳት እንዳትመጣ እለምናለሁ።