ወንዶቹን የጠራችው የእሳት እራት

በስልሳ ስድስት ክረምት ቆቦ እርሻ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ አንዲት እናት ግማሽ ጥማድ ማሽላ ዘርታለች። የዘሩ ነገር ዛሬም ያስደነግጠኛል። ባለፈው ዓመት ረሃቡ ሲጠና ባሏ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ቀረ። ትንሹ ልጇ ቤት ውስጥ ሲሞት ዘሩ በጭቃ በታሸገ ቅል ውስጥ ነበር፤ አልነካችውም። ዘሩ ከተበላ የቀሩት ሁለቱ ልጆቿ በምን ሊኖሩ? ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት።

ማሽላው ጉልበት ሲደርስ አገዳ ቆርቁር ታየበት። ይህ አገዳውን ከውስጥ የሚበላ ትል አድጎ የእሳት እራት ይሆናል። ሴቷ ሲመሽ ከሰውነቷ ጠረን ትለቃለች፤ ወንዱ ያን ተከትሎ ከሩቅ ይመጣል። ሌላ ዓይነት የእሳት እራት አጠገቧ ቢኖር እንኳ አይሳሳትም፤ በዘመን ብዛት እያንዳንዱ ዝርያ የራሱን ጠረን ለይቷል። ይህን ከአለቃዬ እንደሰማሁ ከአሮጌ የአገዳ አጥር ትል ለቅሜ በጠርሙስ አሳደግኩ። ገና ወንድ ያላየች ሴት ስትወጣልኝ በወንፊት ሽቦ ዘግቼ ማሽላው መሃል ሰቀልኳት። የሚመጡት ወድቀው እንዲሞቱ ከሥሯ ላምባ ጠብ ያለበት ውሃ በሳፋ አኖርኩ።

በነጋታው ሳፋው ሞልቷል፤ ሁሉም ወንድ።

"ሱብሃነላህ! ይቺን ብናኝ አሽትተው ነው ይህ ሁሉ የመጣው?" አለች ሴትዮዋ።

እኔም ጉድ ነው አልኩ። ድምፅ የለ፣ መብራት የለ።

እሷ እንደ አባቶቿ ትሉ እንዲሞት ጠዋት ጠዋት በየማሽላው እምብርት፣ ቅጠሉ በሚወጣበት መሃል፣ አመድ ትጨምር ነበር። "ከእንግዲህ አትልፊ እትዬ፣ ባሎቹ አልቀዋል" አልኳት።

"ወንድ እኮ አራትም ያገባል። አንዱ ቢተርፍስ?"

ሳቅኩባት። "አይተርፍም፤ እኔ አውቃለሁ" አልኩ። አመዱን ተወችው።

ለሥራ ዋጃ ሄጄ በሦስተኛው ሳምንት ስመለስ የማሽላው እምብርት ሁሉ ደርቋል። አንዱን ብስበው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ፤ ውስጡ ትል ብቻ። ሮጬ ቢሮ ገባሁ። አለቃዬ ደግሞ ጮኸብኝ፦ "እሱ እኮ መምጣታቸውን ማወቂያ ነው! ማጥፊያ ነው ያለህ ማነው?" ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚሉት እኔን ነበር።

ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። እርሻው ዳር ተቀምጣለች። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ አልሰደበችኝም።

"ያኔ ዘሩን ቆልቼ ባበላው ልጄ ይተርፍ ነበር?" አለችኝ።

"አላውቅም፣ እትዬ።"

ቀና ብላ አየችኝ።

"በአመዱስ ጊዜ 'አላውቅም' ብትለኝ ምን ነበረበት?"